ያረጀች ላዳ የፊት እግሯ ሲታደስ

አንዲት መኪና ዕድሜዋ ሲገፋ ባለንብረቱ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ሞተሯ፣ ቀጥሎም ስለ ቀለሟ ነው። ሞተር ካልተነሣ ጉዞ የለምና፣ በቀለምም ላይ የጎረቤት ዓይን ያርፍበታልና ሐሳቡ የሚያስወቅስ አይደለም። ይሁን እንጂ ሞተሯ የጠፋባት መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከመንገድ ዳር ትቆማለች። የፊት እግሯ ቁልቁለት ላይ የከዳት መኪና ግን የት እንደምትቆም መሪውን የያዘው ሰው እንኳ አያውቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ከክንፉ ሥር ተሸሽጎ የሚኖረው ይህ ክፍል እንዴት እንደሚደክም፣ እንዴት እንደሚመረመር፣ ሲታደስም ሥራው ከፊሉ ተሠርቶ ከፊሉ ሊተው የማይገባው ለምን እንደሆነ ለአንባቢያን ማስረዳት ነው።

ለምሳሌነት የምንወስደው ላዳን ነው። ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብታ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ለአሥርተ ዓመታት በታክሲነት ስታገለግል የኖረችውን ይህችን መኪና የማያውቅ የከተማ ነዋሪ አይገኝም። ትውልዷ ከሁለት አገር ነው። ንድፏ የተወሰደው ፊያት 124 ከተባለችው የጣሊያን መኪና ሲሆን፣ ሶቪየት ኅብረት በቶሊያቲ ከተማ ባቋቋመችው ፋብሪካ ውስጥ መሠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የሶቪየት መሐንዲሶች የጣሊያኑን ንድፍ እንዳለ አልተቀበሉትም። የአገራቸው መንገድ ሸካራ፣ ክረምቱም ብርቱ በመሆኑ የአካሏን ብረት አወፈሩ፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ እግሯንም አጠናከሩ። ላዳ በእኛ ኮረብታና ጉድጓድ ላይ ይህን ያህል ዘመን የቆየችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የዚህ ዓይነቷ ላዳ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 ቢቋረጥም፣ በሰው እጅ ያሉት ዛሬም ይሽከረከራሉ።

በነገራችን ላይ፣ የመኪናዋ የዘር ሐረግ ጋራዥ ውስጥ በሚነገረው ቋንቋም ይታያል። መካኒኩ ሱስታ፣ ቴስቲና፣ ብራቾ፣ ጎሚኒ፣ ኩሽኔታ፣ ሞዞ፣ ዳዶ እያለ ሲጠራ የሚሰማ ሰው ጣሊያንኛ የሚሰማ ይመስለዋል። ቃላቱ ከጣሊያን መካኒኮች ወደ አገራችን ጋራዦች ገብተው በዚያው አማርኛ ሆነው ቀርተዋል። ጣሊያን የነደፋትን፣ ሩሲያ የሠራትን መኪና አበሻ መካኒክ በነዳፊዋ ቋንቋ ይጠግናታል ማለት ነው።

ያረጀች መኪና ማደስ ዛሬ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በመሆኑም አሮጌ መኪና ያለው ሰው «ሸጬ የተሻለ እገዛለሁ» ለማለት አቅሙ ሲጠብብ፣ በእጁ ያለችውን ማቆየት ግድ ይሆንበታል። የዕለት እንጀራው በመሪው ላይ ለተንጠለጠለ ባለ ላዳ ደግሞ እግር ማሠራት ማለት ጥቂት ቀናት ያለ ገቢ መዋል፣ ከዚያም በላይ ገንዘብ ማውጣት ነው። ይህን የሚሸሸው በስንፍና ሳይሆን በችግር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

እንግዲህ የላዳ የፊት እግር እንዴት እንደተሠራ እንመልከት። በእያንዳንዱ የፊት ጎማ በኩል ብራቾ የሚባሉ ሁለት የብረት ክንዶች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ተዘርግተው ጎማውን ይይዛሉ። ክንዶቹ ከመኪናዋ አካል ጋር የተያያዙበት ጫፍ ጎሚኒ በሚባለው ላስቲክ ላይ ሲዞር፣ ከጎማው ጋር የተያያዙበት ጫፍ ደግሞ በእግር ቴስቲና ላይ ይዞራል። ቴስቲና ማለት በብረት ጎድጓዳ ውስጥ እንደ ኳስ የሚዞር ድቡልቡል ራስ ያለው መገጣጠሚያ ነው። ትልቁ ሱስታ በታችኛው ክንድ ላይ ይቀመጣል፤ አሞርዛተሩም በሱስታው መካከል ያልፋል። የመጀመሪያዋ ላዳ ባዶዋን 955 ኪሎ ግራም ትመዝናለች። የዚህ ክብደት የፊቱ ድርሻ፣ ተሳፋሪው ተጨምሮበት፣ ከሱስታው ወደ ታችኛው ክንድ፣ ከክንዱ ወደ ታችኛው ቴስቲና፣ ከቴስቲናው ወደ ጎማው ይወርዳል። ሁለት ሰው የሚሸከመውን የብረት ሳጥን አንሥተን አንዲት ጡጫ በምታህል ኳስ ላይ ብናስቀምጥ እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል፤ ያውም ኳሷ ቀኑን ሙሉ እየዞረች።

ቴስቲናን የሚያቆያት ብረቷ ሳይሆን የለበሰችው የላስቲክ ቆብ ነው። ቆቡ ሲቀደድ ግራሶው ይወጣል፣ በምትኩ ውኃና አሸዋ ይገባል። ከዚያ በኋላ መኪናዋ በሄደች ቁጥር ኳሷ ትፈጫለች። መጀመሪያ በትንሽ ጉድጓድ ላይ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማል። ባለቤቱ ሬድዮኑን ከፍ ያደርጋል። በመጨረሻ ኳሷ ከጎድጓዳዋ ትዘልና ጎማው ወደ ክንፉ ሥር ይታጠፋል። ይህ የሚሆነው ባቡር መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ሲዞር ከሆነ ባለቤቱ ዕድለኛ ነው፤ ከእንጦጦ ሲወርድ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የላስቲክ ነገር ከተነሣ አንድ ስሕተት ማረም ይገባል። ብዙ ሰው እግር የሚደክመው በመንገድ ክፋት ብቻ ይመስለዋል። በካርቱም፣ ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር ከመገናኘቱ በፊት በሚያልፍበት ዳርቻ፣ አል-ማንሺያ የተባለው ሰፈር ይገኛል። ከሰፈሩ የሚነሣው ድልድይም ወንዙን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ዓባይ ያደርሳል። በ2015 ዓ.ም. ጦርነት እስኪነሣ ድረስ ብዙ ወገኖቻችን በካርቱም ይኖሩ ነበርና አካባቢውን የሚያውቀው አንባቢ ጥቂት አይሆንም። አገሩ ሜዳ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ኮብልስቶንና ቁልቁለት አያሠቃይም። በበጋ ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ የአሸዋ ማዕበሉም ምንም ቀዳዳ አይምርም። በእንዲህ ያለ ደረቅ አገር የቆየች መኪና ከሥሯ ሲያዩዋት ዝገት የሌለባት ንጹሕ ትመስላለች፤ ጎሚኒዋን በካቻቢቴ ጫፍ ሲነኩት ግን እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። በደጋ ከተማ በአንጻሩ ዝናቡ ብረቱን ያዝገዋል፣ ጉድጓዱ ቴስቲናውን ይመታል። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው መኪናዋ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሄደች ብቻ ሳይሆን የት እንደኖረችም ቢጠይቅ ይጠቀማል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም። የገዛት አሮጌ ላዳ የፊት ጎማዎቿን በውስጥ በኩል ትበላ ነበር። ሁለት አዲስ ጎማ ገዛ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሽቦአቸው ታየ። ወደ አንድ ጋራዥ ወስዶ የጎማ አቅጣጫ አስተካከለ፤ መኪናዋ ለሁለት ሳምንት ያህል ቀጥ ብላ ሄዳ እንደገና ወደ ግራ መጎተት ጀመረች። በሌላ ጋራዥ አንድ የታችኛው ቴስቲና ብቻ ተቀየረላት፤ ኳ ኳታው ከግራ ወደ ቀኝ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ነበር አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ አዲስ ጎማ ሊያስገጥም የመጣውን ባለ መኪና ተመልክተው፣ «ልጄ፣ ጎማውን ተወውና እስቲ እግሩን እንየው» ያሉት። በጎማና በከንቱ ማስተካከያ የባከነው ገንዘብ ተደምሮ ሲታይ ሙሉውን እግር ለማደስ የሚበቃ ነበር።

እኒህ ሰው መኪናዋን የመረመሩበት ዘዴ ማንም ባለ መኪና ሊማረው የሚችል ነው። ክሪኩን ከአካሏ ሥር ሳይሆን ከታችኛው ክንድ ሥር አስገብተው ጎማው ከመሬት እስኪለቅ ከፍ አደረጓት። እንዲህ ሲሆን የሱስታው ግፊት በክሪኩ ላይ ስለሚያርፍ ቴስቲናው ሸክሙ ይቀልለታል፤ ክፍተት ካለውም ይገልጠዋል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት፤ ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ረዳታቸውን ፍሬን አስረገጡና እንደገና ወዘወዙት። ፍሬን ሲረገጥ ጎማውና ሞዞው ከእግሩ ጋር ስለሚያያዙ የኩሽኔታው ክፍተት ይጠፋል። ያኔ ንቅናቄው ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ የቴስቲና ነው። የእኛዋ አልጠፋም። ለማረጋገጥም ከታችኛው ቴስቲና ሥር ያለችውን መዝጊያ ብሎን ፈትተው በቀዳዳው የኳሷን ጥልቀት ለኩ። የፋብሪካው መመሪያ የሚፈቅደው እስከ 11.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቴስቲናው ይጣላል።

ሥራው ሲጀመር ትልቁ አደጋ ሱስታው ነው። ተጨምቆ የተቀመጠ ሱስታ ባልታሰበ ጊዜ ከተለቀቀ ሰው ይገድላል። የሱስታ መጨመቂያ መሣሪያ የሌለው ሰው ይህን ሥራ በቤቱ ግቢ ባይሞክረው መልካም ነው። ብርቱ ክሪክ ከታችኛው ክንድ ሥር ተደርጎ በቀስታ እየወረደ የሚሠራበት መንገድ ቢኖርም፣ ያ ለለመደ እጅ የተተወ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ራንዴላ ነው። የታችኛው ክንድ ዘንግ ከመኪናዋ አካል ጋር በሚታሰርበት ቦታ ስስ ራንዴላዎች ይገኛሉ። ለማይውቅ ሰው ትርፍ ብረት ይመስላሉ፤ ነገር ግን የጎማው ዘመም ማለት የሚስተካከለው በእነርሱ ቁጥር ነው። እኒህ መካኒክ ከመፍታታቸው በፊት በእያንዳንዱ ብሎን ሥር ስንት ራንዴላ እንዳለ ቆጥረው፣ ግራና ቀኙን፣ ፊትና ኋላውን ለይተው በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ጻፉ። ራንዴላዎቹን በአንድ ጣሳ ውስጥ ደባልቆ በግምት የሚመልስ ጋራዥ ካለ፣ ያ ጋራዥ የሚቀጥለውን ጎማዎን አስቀድሞ በልቶታል።

አራቱ የእግር ቴስቲናዎች፣ የአራቱ ክንዶች ጎሚኒዎችና ሁለቱ አሞርዛተሮች በአንድነት ተቀየሩ። አንዱ ጎን አዲስ፣ ሌላው ጎን አሮጌ ከሆነ መኪናዋ በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ወገን ትስባለች፤ ከአዲሱ ቴስቲና አጠገብ የላላ ጎሚኒ ከቀረም ክንዱ ሲወዛወዝ አዲሱን ክፍል ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል። ከፊሉን ሠርቶ ከፊሉን መተው የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሱስታዎቹ ግን ስላልተሰበሩና ቁመታቸው እኩል ስለነበረ ተጠርገው ተመለሱ። መቀየር ቢያስፈልግም የላዳ ሱስታ ሁለት ዓይነት መሆኑን፣ አንዱ ቢጫ ሌላው አረንጓዴ ምልክት ያለው መሆኑን ማወቅ ይገባል፤ ግራና ቀኙ ከአንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። በሱስታ ጥምዝ መካከል የጎማ ቁራጭ እየሸጎጡ የወረደችን መኪና ከፍ ማድረግ በየጋራዡ የሚታይ ልማድ ነው። ርካሽነቱ አይካድም፤ ነገር ግን ሱስታው መሥራት ሲያቆም ጉድጓዱን የሚቀበለው ቴስቲናው ነው።

ጎሚኒዎቹ ሲገቡ የተደረገ አንድ ጥንቃቄ የጸሐፊውን ትኩረት ስቧል። የክንዶቹ ዳዶዎች እስከ መጨረሻው የተጠበቁት መኪናዋ በክሪክ ላይ ሳለች ሳይሆን፣ ወርዳ በጎማዋ ቆማ፣ ክብደት ከተጫነባት በኋላ ነው። ላስቲኩ በሚጠበቅበት ሁኔታ ይያዛልና፣ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ መኪናዋ ስትወርድ ዘወትር እንደተጠማዘዘ ይኖራል፤ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። ብዙ ጎሚኒ «ዕቃው ሐሰተኛ ነበር» ተብሎ የሚታማው በዚህ ጥፋት ይመስለኛል።

እርግጥ ሐሰተኛ ዕቃም አለ። በመርካቶ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ዕቃ ያልታየ ዓይነት የለም። ከፈረሰች መኪና የወጣ ክንድ ካልተጣመመና ካልተሰነጠቀ መግዛት ይቻላል፤ ብረት ነው፣ ዓይን ያየዋል። ያገለገለ ቴስቲና ግን በነጻም ቢሰጥ አይወሰድም፤ በውስጡ ያለውን ድካም ከውጭ የሚያይ የለምና። አዲስ ሲገዛም ድቡልቡሉን ራስ በእጅ ማዞር ያስፈልጋል፤ በጥብቀት፣ ያለ መንገጫገጭ መዞር አለበት። የላላ ከሆነ አይገዛም።

የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል የሁሉም መጨረሻ ሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪናዋ ወደ ጋራዡ ተመልሳ ዳዶዎቿ አንድ በአንድ ተፈተሹ፤ ሁለቱ ጥቂት ላልተው ተገኙና ጠበቁ። የራንዴላው ቁጥር የተጻፈባት የሲጋራ ወረቀት ዛሬም በመኪናዋ ኪስ ውስጥ፣ ከሊብሬው ጋር ተቀምጣለች።