ምግቡ በትኬት፣ ወይኑ በሒሳብ

በኋላ ዘመን ከነበሩን ከምጽዋና ከአሰብ ሌላ፣ የውጭ አገር መርከብ ጭነትና መንገደኛ ይዞ የሚቆምባት የኢትዮጵያ ከተማ ጋምቤላ ነበረች። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከጆን ሌን ሃሪንግተን ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ዳርቻ ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን አስተዳደር በኪራይ እንዲሰጥ ተስማሙ። ለንግድ እንጂ ለፖለቲካና ለጦር ጉዳይ እንዳይውል የሚል ማሰሪያም ገባበት። ውሉ የጠቀሰው የኢታንግን አካባቢ ነበር፤ ጣቢያው የተቆረቆረው ግን ከዚያ ሽቅብ፣ ጋምቤላ ላይ ሆነ። ክረምት በገባ ቁጥር የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነስተው ነጭ ዓባይን፣ ሶባትንና ባሮን ተከትለው ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ይደርሱ ነበር። ጨውና አቡጀዲ ያራግፋሉ፤ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ጥቅምት ላይ ውሃው መጉደል ሲጀምር ቶሎ ያልወጣ ካፒቴን አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ይመጣበት ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. ነው።

መርከቦቹ በዋናነት የጭነት ቢሆኑም መንገደኛም ነበራቸው። ነጋዴ፣ ቆንስል፣ ሚሲዮናዊ በዚህ በር ገብቷል። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ በ1911 ዓ.ም. ወደ ደምቢ ዶሎ የወጡት በጋምቤላ በኩል ነው። አገራቸው አልኮልን በሕገ መንግሥት የከለከለችበት ዓመት ስለነበር፣ የእኚህ መንገደኛ የመጠጥ ሒሳብ ባዶ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

የመጠጥ ሒሳብ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዓባይ ላይ የሽርሽር መርከብን ሥርዓት ያስለመደው የእንግሊዙ ቶማስ ኩክ ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1870 ጀምሮ በግብፁ ገዥ በከዲቩ መርከቦች ላይ የመንገደኛውን ሥራ ያዘ። ደንቡ አጭር ነበር። የትኬቱ ዋጋ መኝታንም ምግብንም ይይዛል፤ ወይንና ሌላ መጠጥ ግን ለብቻው ይከፈላል። ዛሬ ከማያሚ ተነስቶ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የሚሄድ፣ አምስት ሺህ ሰው የሚጭን መርከብ የሚሠራው ከሞላ ጎደል በዚሁ ደንብ ነው። እራት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ፒዛ ቢያምርም የተከፈለበት ነው። ብርጭቆው ወይን ሲሞላ ግን ቆጣሪው መዞር ይጀምራል።

አሜሪካ፣ ሚኒሶታና ነብራስካ ውስጥ ብዙ የጋምቤላ ልጆች ይኖራሉ። ቤተሰብ ሰብሰብ ብሎ እንዲህ ባለ መርከብ ለመሄድ ሲነሳ፣ እንግዳ የሚሆንበት ባሕሩ ላይሆን ይችላል፤ የእራት አዳራሹ ወግ ግን ለብዙው ሰው አዲስ ነው። ስለዚህ አዳራሹን ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው።

ትልቁ የመመገቢያ አዳራሽ ባህላዊ በሚባለው አሠራሩ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቋሚ ጠረጴዛና ቋሚ ሰዓት ይሰጣል። አስተናጋጁና ረዳቱ ጉዞው እስኪያልቅ አይቀየሩም። ከእነሱ ሌላ ወይን ብቻ የሚያቀርብ ባለሙያ አለ፤ ሶምሌ ይሉታል። በመጀመሪያው ምሽት የወይን ዝርዝሩን ይዞ ይመጣል፤ የጠረጴዛውን ጠባይ ያጠናል፤ በሁለተኛው ምሽት ማን ቀይ፣ ማን ነጭ እንደሚወድ፣ ማን ለስላሳ ብቻ እንደሚጠጣ ያውቃል። ይህ ሰው ትሑት ነው፤ ሻጭም ነው። በእኔ ግምት የአዳራሹ ወይን አቀራረብ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ንግድ ነው። እንግዳው ሁለቱን ከለየ ሁለቱም አያስከፉትም። መጠጣት የማይፈልግ ሰው ብርጭቆውን እንዲያነሱለት ይጠይቃል፤ ማንም አይቀየመውም፤ ሰበብም መደርደር አያስፈልገውም።

ጠርሙስ ሲታዘዝ የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። ሶምሌው ጠርሙሱን በጨርቅ ይዞ፣ መለያ ወረቀቱን ላዘዘው ሰው አዙሮ ያሳያል። እንግዳው የሚያየው ሁለት ነገር ነው፤ ስሙና የወይኑ ፍሬ የተለቀመበት ዓመት ካዘዘው ጋር መግጠማቸውን። ልክ ነው ሲባል አንገቱን የሸፈነውን ቆርቆሮ ከከንፈሩ ዝቅ ብሎ ይቆርጠዋል፤ ጠምዛዛውን መክፈቻ ያስገባና ድምፅ ሳያሰማ ቡሹን ይስባል። ቡሹን ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል፤ ማሽተት ግዴታ አይደለም። ከዚያ ሁለት ጉንጭ የሚሆን ላዘዘው ሰው ይቀዳና ቆሞ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ «ጣፈጠኝ፣ አልጣፈጠኝም» ማለት የሚጠበቅበት ይመስለዋል። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ወይኑ ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም? ቡሹ ከተበከለ የረጠበ ካርቶንና የሻገተ ምድር ቤት ይሸታል፤ አየር ከገባበት ደግሞ ወደ ኮምጣጤ ያደላል። ያኔ መመለስ መብት ነው። ደህና ከሆነ ራስን መነቅነቅ ይበቃል። ያልወደዱትን ወይን በብልሽት ስም መመለስ ግን ነውር ነው።

መቅመስን ከፈረንጅ የመጣ ወግ አድርጎ የሚያይ ሰው የቤተ መንግሥቱን ጠጅ አሳላፊ ረስቶታል ማለት ነው። አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አንቆርቁሮ፣ መርዝ እንደሌለበት ፊት ለፊት ይጠጣ ነበር። ልዩነቱ የቀማሹ ማንነት ነው። በእኛ አሳላፊው ለጌታው ይቀምሳል፤ በመርከቡ ጋባዡ ለእንግዶቹ ይቀምሳል፤ ስለዚህም ሶምሌው የሌሎቹን ሁሉ ቀድቶ የጋባዡን ብርጭቆ የሚሞላው መጨረሻ ላይ ነው።

ጋምቤላ ላይ ደግሞ ከጠጅም የተለየ ትምህርት ቤት አለ። በመጃንግ ዞን፣ በጎደሬና በመንገሺ ወረዳዎች፣ መጃንጎች ኦጎል የሚሉትን የማር መጠጥ ይጥላሉ። ጌሾ የለውም፤ ማርና ውሃው ላይ መንጊ ከሚባለው የጫካ ዛፍ ቅርፊት ይጨመራል፤ እርሾ ሳይገባበት በራሱ ጊዜ ይፈላል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ከዚህ መጠጥ ውስጥ የሚያፈላውን እርሾ ለይተው አውጥተዋል፤ ወይን ጠማቂም ዳቦ ጋጋሪም የሚጠቀምበት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ኦጎል ጠርሙስና ቡሽ አያውቅም። ግን ከእሱ ጋር ያደገ ሰው የፈላውንና የኮመጠጠውን በአፍንጫው ይለያል። የመርከቡ ጠረጴዛ ላይ የሚፈለገው ሙያ ያው ስለሆነ፣ የመጃንግ ዞን ከተማ በሆነችው በሜቲ ያደገ እንግዳ ብርጭቆ ሲቀርብለት የሚሸማቀቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ሙቀትም እንነጋገር፤ ይህ የጋምቤላን ሆቴሎችም ይመለከታል። ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይጠጣ የሚለው ምክር የመጣው ከቀዝቃዛ የአውሮፓ ቤቶች ነው፤ የታሰበው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 526 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ ወደ 40 ይጠጋል። በዚያ ሙቀት መደርደሪያ ላይ የዋለ ጉደር የተባለው ቀይ ወይን ሲከፈት የሚቀድመው የአልኮሉ ሽታ ነው፤ ፍሬው ይጠፋል። መርከቡ ወይኑን በቀዝቃዛ መጋዘን ያስቀምጣል፤ ነጩን ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ያቀርባል። ባሮ ዳር ያለ ሆቴል መጋዘን ባይኖረው በረዶና ውሃ የተቀላቀለበት ባልዲ ይበቃዋል፤ ውሃው ጠርሙሱን ዙሪያውን ስለሚነካው ውሃ ካልገባበት በረዶ ይልቅ ቶሎ ያቀዘቅዛል። ቀዩም ቢሆን ለጥቂት ደቂቃ ባልዲው ውስጥ ቢገባ የሚያሳፍር ነገር የለውም። አክሱሚትን የመሰለ ጣፋጭ ወይን እንዲያውም ቀዝቀዝ ሲል ነው ጣፋጭነቱ የማይከብደው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። መርከብ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይወጣም፤ የካቢኑ ቁልፍ የሆነው ካርድ ይታያል፣ ሒሳቡ በካቢኑ ስም ይመዘገባል። ብዙዎቹ ኩባንያዎች በመጠጡ ዋጋ ላይ 18 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ቲፕ በራሳቸው ይጨምራሉ። ደረሰኙ ላይ «ተጨማሪ ቲፕ» የሚል ባዶ መስመር ቢኖርም የመጀመሪያው ተከፍሏል፤ ሳያስተውሉ ሁለት ጊዜ የሚከፍሉ ሞልተዋል።

750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ለምሳሌ ብርጭቆው 14 ዶላር፣ ጠርሙሱ 50 ዶላር ቢሆን፣ በብርጭቆ ያዘዘ ሰው ለአምስቱ 70 ይከፍላል። ሁለት ሆነው አንድ ጠርሙስ መጨረስ ያልቻሉም አይጎዱም። ሶምሌው ቡሹን መልሶ፣ የካቢኑን ቁጥር ጽፎበት ያስቀምጠዋል፤ ነገ ማታ፣ በሌላ አዳራሽ ቢበሉ እንኳ፣ ያንኑ ጠርሙስ ያመጣላቸዋል። ከመርከብ አሠራር ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ነው። ከተማ ያለ ሬስቶራንት የተረፈውን አስይዞ ይሸኛል ወይም ይደፋል፤ መርከቡ ግን እንግዳው ነገም እዚያው እንደሚያድር ያውቃል።

ያልተወሰነ መጠጥ የሚባለው የቀን ፓኬጅ ሲታይ ርካሽ ይመስላል። በቀን 60 ዶላር ነው እንበል፤ በ14 ዶላር ብርጭቆ ስሌት ትርፍ የሚጀምረው ከአምስተኛው ብርጭቆ ነው፤ በቀን አንድ ሙሉ ጠርሙስ መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ ፓኬጁ ለጉዞው ቀናት ሁሉ ይገዛል እንጂ ለአንድ ቀን አይሸጥም፤ በአንድ ካቢን ያሉ አዋቂዎች ሁሉ እንዲገዙም የሚያስገድዱ አሉ። ባል የሚጠጣ፣ ሚስት የማትጠጣ ከሆነ ሒሳቡ ወዲያው ይፈርሳል። በጾም ወቅት የሚሄድ ሰውም ቀኑን ከፓኬጁ ጋር ቢያስተያይ አይከፋም።

የራስን ወይን ይዞ መግባትስ? አብዛኞቹ ኩባንያዎች አንድ አዋቂ በመሳፈሪያው ቀን አንድ ጠርሙስ ወይን እንዲይዝ ይፈቅዳሉ። ካቢን ውስጥ ቢጠጣ ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም፤ አዳራሽ ውስጥ ከተከፈተ ግን ኮርኬጅ የሚሉት የመክፈቻ ክፍያ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ አዳራሽ ተከራይቶ ሰርግ የደገሰ ይህን ክፍያ በደንብ ያውቀዋል። ዝዋይ አጠገብ በካስል እርሻ የተመረተውንና እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለውን ሪፍት ቫሊ ይዞ ገብቶ፣ ለጠረጴዛ ጎረቤቶች ማቅመስ በዚህ መንገድ ይቻላል።

የወንዝ መርከቦች ከባሕሮቹ ይለያሉ። እንደ ቫይኪንግ ያሉት ትናንሽ የወንዝ መርከቦች ለምሳና ለእራት ወይንና ቢራ ከትኬቱ ጋር ይሰጣሉ፤ ሲልቨርሲንና ሲቦርንን የመሰሉት ውድ የባሕር መርከቦችም እንዲሁ። የኩክ ደንብ ተወልዶ ያደገው ወንዝ ላይ ሆኖ ሳለ ዛሬ የጸናው ባሕር ላይ መሆኑ ያስገርማል። በነፃ የሚቀዳው ወይን ግን ኩባንያው የመረጠው ነው፤ ከዝርዝሩ ሌላ የፈለገ ያው ይከፍላል።

በመጨረሻው ምሽት የጉዞው ሒሳብ ተጠቃሎ በካቢኑ ቴሌቪዥን ወይም በስልክ መተግበሪያ ላይ ይታያል። ያልታዘዘ ብርጭቆ፣ የተደገመ ጠርሙስ ካለበት እንግዳ መቀበያው ጋ ሄዶ ማስተካከል የሚሻለው ያን ዕለት ማታ ነው። ጠዋት ላይ ሺዎች ሻንጣ እየጎተቱ በአንድ በር ሲወርዱ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ከወረዱ በኋላ ደግሞ ክርክሩ በስልክና በኢሜይል ይሆናል።