የጤና ጉድለት ጡረታ ሲከለከል፦ ይግባኙ እስኪወሰን ኑሮን ማዝለቅ

በጅማ ከተማ ሰቶ ሰመሮም ሆነ በአጋሮና በሊሙ ገነት በስኳር፣ በደም ግፊት ወይም በኩላሊት ሕመም ከሥራ ለሚሰናበት ሠራተኛ የጤና ጉድለት ጡረታ አበል የቤተሰቡ መተዳደሪያ ነው። ጥያቄው ውድቅ ከተደረገ በሕጉ በተወሰነው ጊዜ ለማህበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አቤት ማለት ይቻላል።

በቅድሚያ የክልከላው ምክንያት በጽሑፍ ሊያዝ ይገባል። አበሉ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ የጎደለው የአገልግሎት ዘመን ከሆነ የቀድሞ መሥሪያ ቤቶች ማስረጃ፣ የጤና ማረጋገጫ ከሆነ ደግሞ የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ይቀርባል። አገልግሎቱ በእርግጥ ከ10 ዓመት በታች ከሆነ የሚከፈለው ዳረጎት ነው።

የገቢ ክፍተቱ ግን የሚጀምረው ከክልከላው በፊት ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት የሕመም ፈቃድ በመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ በቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያስገኛል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ የቡና ማዘጋጃ ሠራተኛ በስድስቱ ወራት የሚደርሰው 12,000 ብር፣ በአማካይ በወር 2,000 ብር ነው። ስለሆነም ቁጠባው ከመጀመሪያው ወር መጀመር ይኖርበታል። የመንግሥት ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ በሚመለከተው የሲቪል ሰርቪስ ሕግ ይወሰናል።

የብድርና ቁጠባ ማህበር ዕዳ ካለ የመክፈያ ጊዜው ደመወዝ ከመቋረጡ አስቀድሞ እንዲራዘም መጠየቅ ከአራጣ ያድናል። በገዛ ፈቃድ መልቀቂያ ማስገባት ግን የስንብቱን ምክንያት ስለሚለውጥ ይግባኙን ሊያዳክም ይችላል።

የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍሎች የሠራተኛውን ማህደር አሟልተው በወቅቱ መላካቸው የጥበቃውን ጊዜ ያሳጥራል።