ከቡናው ጥላ ሥር የሚያልፉ የጋራ መንገዶች

ሚዛን ተፈሪ፣ በዛሬው የአስተዳደር አጠራር ከአማን ጋር ተዋህዳ ሚዛን አማን የተባለችው የቤንች ሸኮ ዞን ዋና ከተማ፣ በዙሪያዋ ካሉት ቀበሌዎች ጋር የምትገናኘው በመኪና መንገድ ብቻ ሳይሆን ከተራሮቹ ግርጌ ተነስተው በእንሰትና በጎደሬ ማሳ መካከል፣ ከፍ ሲልም በቡና ደን ውስጥ በሚያልፉ የእግር መንገዶች ነው። በሸኮ በኩል ወደ ቴፒ በሚዘልቀው ተረተርም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በእነዚህ ጠባብ መንገዶች ሙዝ ወደ ገበያ የምታወርድ ሴት፣ የተጫነች በቅሎ፣ ወደ ወንዝ የሚነዱ ከብቶች፣ ተማሪ፣ ሞተር ሳይክልና፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ወፍና ጉሬዛ ለማየት የመጣ ጎብኚ ይተላለፋሉ። ስለዚህ መንገዱን በጋራ የመጠቀም ጥያቄ ሲነሳ ጎብኚው የመጨረሻው መጪ መሆኑን አስቀድሞ መገንዘብ ይገባል።

በመንገዶቹ ግራና ቀኝ የሚታየው ቡና ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የደን ቡና የሚባለው ዘሩ ወድቆ በራሱ የበቀለውና ሰው ከመልቀም በቀር እምብዛም የማይነካው ሲሆን፣ ከፊል የደን ቡና ግን ገበሬው ሥሩን እየመነጠረና ከልክ ያለፈውን ጥላ እየቀነሰ የሚንከባከበው ነው። ሁለቱም አጥር የላቸውም፤ ከውጭ የመጣ ሰውም አጥር ያላየበትን ቦታ ባለቤት የሌለው አድርጎ ይቆጥረዋል። እውነታው ግን ሌላ ነው። በሸካና በካፋ ኮቦ የሚባል ባህላዊ የደን ይዞታ አለ፤ ይህም አንድ ቤተሰብ ወይም ጎሳ በታወቀ የደን ክፍል ውስጥ ቀፎ የመስቀልና የደን ውጤቶችን የመሰብሰብ መብት የሚያገኝበት ሥርዓት ነው። ከመንገድ ዳር የበቀለች ኮረሪማ ወይም ጥምዝ መቁረጥ እንግዲህ ከሰው ጓሮ ከመቁረጥ አይለይም። ከፍ ባሉ ዛፎች ላይ ቀፎ በተሰቀለበት አካባቢ ማር በሚቆረጥበት ወቅት ንቡ ስለሚቆጣ፣ በዚያ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ለጊዜው መተው ለጎብኚውም ለማር ቆራጩም ይበጃል።

የመንገዱ ዋና ጠላት ውሃ ነው። አካባቢው በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛል፤ ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ቀዩ ሸክላማ አፈር ለብዙ ወራት አይደርቅም። ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ ጎርፍን ይሰበስባል፤ ጎርፉ መሐሉን ሲቦረቡረው መንገደኛው ጭቃውን ሸሽቶ ወደ ዳር ይወጣል፣ ያ ዳር በተራው ጭቃ ሲሆን ሌላ ዳር ይከፈታል፣ በዚህ ሁሉ መካከል ገና የበቀለው የቡና ችግኝ ይረገጣል። የበቅሎ ኮቴ ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ ትቶ ሲያልፍ የሞተር ሳይክል ጎማ ግን ረጅም ቦይ ይቀድዳል፤ ሁለተኛው የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ቦዩ ውሃውን ይዞ ቁልቁል ያስሮጠዋልና። የመንገድ ባለሙያዎች ተዳፋትን በአግድም እየዞረ የሚወጣ፣ የራሱ ቁልቁለት ከተራራው ቁልቁለት ግማሽ የማይበልጥ፣ ወደ ውጪው ጠርዝ ጥቂት ያዘነበለና በየርቀቱ ውሃን የሚያስወጣ መውረጃ ያለው መንገድ የሚመክሩት ለዚህ ነው።

መቅደም ያለበት ማን ነው? በብዙ አገሮች የተለመደው ደንብ ብስክሌተኛ ለእግረኛና ለፈረሰኛ፣ እግረኛም ለፈረሰኛ መንገድ እንዲለቅ፣ ዳገት የሚወጣውም ከሚወርደው እንዲቀድም ያዛል። አዲስ አበባ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለፈረስ መንገድ በማዘጋጀት ጥያቄውን በሌላ ዘዴ መልሶታል። ይሁንና እያንዳንዱ ስንዝር ቡና በሆነበት በሚዛንና በቴፒ ደን መንገድን በየተገልጋዩ መለየት ራሱ ደን መመንጠር ስለሚሆን መፍትሔው በሥርዓት መተላለፍ ነው። በዚህም ረገድ የአገሩ ልማድ ከውጭው ደንብ የተሻለ ይመስላል፦ ሸክም ያለበት ሰው ይቀድማል፣ ቢወጣም ቢወርድም። በረጠበ ሸክላ ላይ ከባድ ሸክም ይዞ የሚወርድ ሰው በቀላሉ መቆም አይችልም፤ እሸት ቡና፣ ማለትም ተለቅሞ ገና ያልደረቀ ቀይ ፍሬ የተሸከመ ገበሬ ደግሞ ፍሬው ሳይብላላ በተለቀመበት ቀን ከማጠቢያ ጣቢያ መድረስ አለበት። ለተጫነ እንስሳ መንገድ የሚለቅ ሰውም ዝም ብሎ ከቁጥቋጦ ውስጥ ከመቆም ይልቅ ድምፁን ማሰማት ይኖርበታል፤ በቅሎ ድምፁን ካልሰማችው ሰው ትደነብራለች። በመንገድ ላይ ሰላምታ መለዋወጥ ከጨዋነቱ ባሻገር ይህንን ጥቅምም ይሰጣል።

መግባት የተፈቀደበትን ማወቅ ሌላው ጉዳይ ነው። ዩኔስኮ የካፋን ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካን ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቧል፤ ይህ ስያሜ ሰውን ከደኑ የሚያስወጣ ሳይሆን ቦታውን በሦስት ቀጠና የሚከፍል ነው። በጥብቁ ቀጠና ደኑ ሳይነካ ይቆያል፣ በዙሪያው ባለው መከለያ ቀጠና ደኑን የማይጎዳ አጠቃቀም ይፈቀዳል፣ እርሻና መኖሪያ በሽግግር ቀጠና ይሆናሉ። ወደ 10,000 ሄክታር የሚጠጋው የበበቃ ቡና እርሻ ግን የድርጅት ይዞታ በመሆኑ በውስጡ ለመዘዋወር ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። በቦንጋ አካባቢ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሞከረው አሳታፊ የደን አስተዳደር፣ ነዋሪው በማኅበር ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር በስምምነት ደኑን የሚጠብቅበትና የሚጠቀምበት አሠራር፣ ለመንገዶቹም ሊያገለግል ይችላል። ደኑን በስምምነት የተረከበ ማኅበር የትኛው መንገድ በየትኛው ወር ለሞተር ሳይክል እንደሚዘጋ መወሰን፣ ኮቦውን የሚያውቅ መሪ መመደብና ከጎብኚ የሚሰበሰበውን ክፍያ የመጋቢት ዝናብ ሳይጀምር የተደፈኑትን የውሃ መውረጃዎች ለማስጠረግ ማዋል ይችላል።