የደም ግፊትን ለ24 ሰዓት መከታተል

እንደሚታወቀው የደም ግፊት በቀን ውስጥ የሚለዋወጥ ነው። ከዳንግላ ዙሪያ ቀበሌዎች በእግሩ ተጉዞ የመጣ ገበሬ ሳያርፍ ቢለካ፣ ወይም በእንጅባራ ብርድ ልብስ የደራረበ ሕመምተኛ የተጠቀለለ እጅጌ ክንዱን አጥብቆ ይዞት ቢለካ፣ ውጤቱ የዘወትር ግፊቱን ላያሳይ ይችላል።

በአንድ ልኬት ብቻ መወሰን ሁለት ጉዳት አለው። በጤና ተቋም ብቻ ግፊቱ የሚጨምር ሰው የማያስፈልገውን መድኃኒት ለዓመታት ሊወስድ ይችላል። በአንጻሩ በተቋሙ ደኅና መስሎ በቤቱና በሥራው ላይ ግፊቱ ከፍ የሚል ሰው ሳይታከም ለስትሮክ፣ ለልብና ለኩላሊት ጉዳት ይጋለጣል።

ሁለቱንም ለመለየት የ24 ሰዓት ተንቀሳቃሽ መለኪያ ይረዳል። መሣሪያው ቀን በየ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ ሌሊት በየ30 እስከ 60 ደቂቃ ይለካል። አማካዩ በ24 ሰዓት 130/80፣ ነቅቶ በሚቆይበት ጊዜ 135/85፣ በእንቅልፍ ጊዜ 120/70 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊቱ ከፍተኛ ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ቢያንስ በ10 በመቶ የማይቀንስ ግፊትም ተጨማሪ አደጋን ያመለክታል።

ሕመምተኛው፣ አዊኛ ተናጋሪም ከሆነ በቋንቋው፣ መሣሪያው በሚለካበት ቅጽበት ክንዱን ዘርግቶ ሳያንቀሳቅስ እንዲቆይ ሊነገረው ይገባል። የተኛበትና የነቃበት ሰዓትም ይመዝገብ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ «ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኛሁ» ያለው ሰው ሰዓት በመሣሪያው 21፡00 ነው። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ካልተስተካከለ የነቃበት ልኬት ከእንቅልፉ ጋር ተደባልቆ ትርጉሙ ይፋለሳል። ለማሕሌት ወይም ለሌሊት ሥራ የሚነሣ ሰው ደግሞ በሰዓት ሳይሆን በትክክለኛ የእንቅልፍ ጊዜው ይመዘናል።

መሣሪያው በማይገኝበት ስፍራ አስተማማኝ የክንድ መለኪያ ያለው ሕመምተኛ ለ7 ቀናት ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ይለካ። የመጀመሪያው ቀን ውጤት ቀርቶ የቀሪው አማካይ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊቱ ከፍተኛ ነው። ይህም ካልተቻለ ሕመምተኛውን 5 ደቂቃ አሳርፎ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ ባዶ ክንዱን በልብ ትክክል አድርጎ፣ በተለያዩ ቀናት ደጋግሞ መለካት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ግፊቱ 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የአካል ክፍሎች ጉዳት ምልክት የታየበት ሕመምተኛ የክትትል ውጤት ሳይጠበቅ በአስቸኳይ መታከም አለበት።