ቀይ ውሃ፦ ከጉድጓዱ ነው ወይስ ከቧንቧው?

ጠዋት የእጅ ፓምፕ ሲመታ ቀድሞ የሚወርደው ውሃ ቀልቶ፣ ብረት ብረት የሚልበት ጊዜ አለ። ነጭ ልብስ ያበላሻል፤ ሻይ ያጠቁራል። ተጠቃሚው «ጉድጓዱ ተበላሽቷል» ብሎ ወደ ወንዝ ወይም ወዳልተጠበቀ ምንጭ ይመለሳል። ይሁንና ጥፋቱ ሁልጊዜ የጉድጓዱ አይደለም።

ብረት ውሃ ሲነካው እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። በአንዱ ቦታ ብረቱ ኤሌክትሮን እየለቀቀ ወደ ውሃው ይሟሟል፤ በሌላው ቦታ በውሃው ያለው ኦክስጅን ያንን ኤሌክትሮን ይቀበላል። የሟሟው ብረት ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ቀይ ዝገት ይሆናል። ውሃው አሲዳማ ወይም ጨዋማ ከሆነ ዝገቱ ይፈጥናል።

የቤት ክዳን ቆርቆሮና የውሃ ቧንቧ በዚንክ የሚለበጡት ለዚህ ነው። ዚንክ ከብረት ቀድሞ ኤሌክትሮኑን ይሰጣል፤ ራሱ እያለቀ ብረቱን ያቆያል። እሱ ሲያልቅ ተራው የብረቱ ይሆናል። የውሃው ፒኤች ከ6.5 በታች ሲሆን ዚንኩ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ በዚንክ የተለበጠ ቧንቧ አይመከርም። በምትኩ የፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ቧንቧ ይመረጣል።

የአሶሳ አካባቢ አፈር በአሲዳማነቱ ይታወቃል። የአፈሩ ጠባይ ብቻውን ግን ስለ ከርሰ ምድር ውሃው አይናገርም። በገነተ ማርያምም ሆነ በሌላ ቦታ ቧንቧ ከመገዛቱ በፊት የውሃው ፒኤች መለካት አለበት። ይህ የወረዳ ውሃ ባለሙያዎች ድርሻ ነው።

የውሃ ኮሚቴዎችም ቀላል ፍተሻ ማድረግ ይችላሉ። ፓምፑ ሳይነካ ካደረ በኋላ የመጀመሪያው ውሃ በንጹህ ጠርሙስ ይቀዳል። ለረጅም ጊዜ ከተመታ በኋላ ሁለተኛ ጠርሙስ ይሞላል። ከመሬት የሚመጣ ብረት ሲቀዳ ጠርቶ ቆይቶ ሊቀላ ስለሚችል፣ ሁለቱም ክዳናቸው ተከፍቶ እስከ ማግስቱ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ብቻ ከቀላ የሚጠረጠረው ቧንቧው ነው፤ ጉድጓዱን መተው ሳይሆን ቧንቧውን መቀየር ያስፈልጋል። ሁለቱም እኩል ከቀሉ ግን ብረቱ ከመሬቱ ስለሚመጣ፣ ቧንቧ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ለእርሻ መሣሪያም ሕጉ ያው ነው። ማዳበሪያ እርጥበት ይስባል፤ ዝገትንም ያፋጥናል። ማዳበሪያ የነካው ዶማና ማረሻ ታጥቦ፣ ደርቆና ዘይት ተቀብቶ ከመሬት ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ለከርሞም ያገለግላል።