ለማሽን የሚጻፍ መግለጫ በምን ይመዘናል?



ንግግሬን ከራሴ ስሕተት ልጀምር። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል፣ ማለትም ኤጀንት ለምንለው ሶፍትዌር፣ ለልምምድ ያህል አንዲት ትንሽ መሣሪያ ሠርቼ ነበር። መሣሪያዋ የቦታ ስምና ወር ተቀብላ በዚያ ወር የተመዘገቡትን የወባ ሕሙማን ቁጥር ትመልሳለች፤ ቁጥሮቹን ለሙከራ የፈጠርኋቸው እኔው ነኝ። በመግለጫዋ ላይ «በተሰጠው ቦታና ወር የተመዘገቡ የወባ ሕሙማንን ቁጥር ይመልሳል፤ ወሩ በዓመትና በወር ቁጥር ይጻፋል» አልሁ። ባልደረቦቼ አንብበው ግልጽ ነው አሉኝ። ለእኔም ግልጽ ነበር።

ከዚያ ወኪሉን «በሐምሌ 2017 በአሶሳ ስንት ሰው በወባ ታመመ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሐምሌ ዐሥራ አንደኛው ወራችን ነውና «2017-11» ብሎ ላከ። መሣሪያዋ የምታውቀው ግን የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ስለነበር የኖቬምበር 2017ን ቁጥር መለሰች፤ ይህም በእኛ ከጥቅምት 22 እስከ ኅዳር 21 ቀን 2010 ያለው ጊዜ ነው። የክረምቱን ወር ጠይቄ ወባ የሚበረታበትን የመፀው ወር፣ ያውም ከሰባት ዓመት በፊት የነበረውን አገኘሁ። የስሕተት መልእክት አልመጣም። ወኪሉም ቁጥሩን በጥሩ አማርኛ አሰናድቶ «በሐምሌ 2017» ብሎ አቀረበልኝ። ስለ ጳጉሜን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ መሣሪያዋ ዐሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ብላ ትመልሰው ነበር። ከወራቶቻችን ሁሉ ራሷን የምትከላከል እርሷ ብቻ ናት!

ነገሩ የልምምድ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የጤና ሚኒስቴራችን የሚጠቀምበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚለማው ዲኤችአይኤስ 2 በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሠራ ሊስተካከል ይችላል። እንግዲህ «2017-11» የሚለው ጽሕፈት በአንዱ ሥርዓት አንድ ነገር፣ በሌላው ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን መረጃ አንብቦ የወባ መድኃኒት የሚያከፋፍል ባለሙያ ፊት የተሳሳተው ቁጥር እንደ ትክክለኛው ሆኖ ይቀርባል።

ወኪሉ የመሣሪያውን ኮድ አያይም። የሚያነበው ስሙን፣ መግለጫውንና የሚቀበላቸውን ፓራሜትሮች ነው። ኦፕንኤአይ በጁን 2023 ሞዴሎቹ ተግባር እንዲጠሩ ካስቻለ፣ አንትሮፒክም በኖቬምበር 2024 ኤምሲፒ የተባለውን የጋራ ፕሮቶኮል ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ አንዱ የጻፈውን መግለጫ ጸሐፊው ፈጽሞ የማያውቀው ሞዴል ያነበዋል። ስለዚህ የባልደረቦቼ «ግልጽ ነው» ማለት መመዘኛ ሊሆን አይችልም። እነርሱ የጎደለውን ከራሳቸው ሞልተው ነበር ያነበቡት።

እኔ የምከተለው ስልት እንዲህ ነው። ሞዴሉንና ሌሎቹን መሣሪያዎች ሳልነካ መግለጫውን ብቻ እለውጣለሁ። አንድ ጊዜ የተሳካ ነገር በሁለተኛው ሊከሽፍ ስለሚችል እያንዳንዱን ጥያቄ ደጋግሜ እጠይቃለሁ። ነጥብ የምሰጠው ለመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሳይሆን ወኪሉ ለላከው ጥሪ ነው፤ ትክክለኛውን መሣሪያ መረጠ ወይ? ትክክለኛውን ዋጋ ላከ ወይ? መጥራት በማይገባው ጊዜስ ታገሠ ወይ? ከጥያቄዎቹም ከፊሉን መግለጫውን ሳሻሽል ሳላያቸው አስቀምጣለሁ፤ አለዚያ መግለጫውን ለፈተናው ብቻ ሰፍቼ ልቀር ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እዚህ ከተማ ተቀምጠን «አሶሳ» ስንል ከተማውን ማለታችን ነው። ግን አሶሳ የወረዳም የዞንም ስም ነው። ለሕሙማን ቁጥር ልዩነቱ ሰፊ ነው። ጠያቂው ካልለየ የወኪሉ ትክክለኛ ሥራ መሣሪያውን መጥራት ሳይሆን «የቱን አሶሳ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መግለጫው ይህን ካልነገረው አንዱን ገምቶ ይልካል። ስለዚህ በፈተናዬ ውስጥ መልሳቸው መልሶ መጠየቅ የሆነ ጥያቄዎች አሉ። «ካማሺ ዞን» ወይም «መተከል ዞን» የሚሉም አሉ፤ በየአጋጣሚው ሁሉ የሚጠይቅ ወኪልም ያሰለቻልና።

መግለጫውን ሳሻሽል ሌላ ጥፋት ሠራሁ። ስለ አቆጣጠሩ፣ ስለ ቦታው፣ ስለ ወባ ጠቀሜታ ረጅም ሐተታ ጨመርሁበት። ወኪሉም የመድኃኒት ክምችት ስጠይቀው እንኳ ወደዚችው መሣሪያ ይሮጥ ጀመር፤ አጠገቧ የነበረው የክምችት መሣሪያ መግለጫ አጭር ነበርና። መግለጫ ለብቻው ጥሩ ወይም መጥፎ አይባልም፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ነው የሚመዘነው። ሐተታውን ቆርጬ «ይህ መሣሪያ ስለ መድኃኒት ክምችት አያውቅም» የሚል አንድ መስመር ስተካ ነገሩ ተስተካከለ።

አቆጣጠሩ ግን በቃላት አልዳነም። ሐምሌ 2017 ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ቀን 2025 ድረስ ነው፤ ሁለት የጎርጎርዮስ ወራትን ይረግጣል። መሣሪያዋ ሙሉ ወር ብቻ የምትቀበል ከሆነ የትኛውም መግለጫ ትክክለኛውን መልስ ሊያስገኝ አይችልም። እዚህ ላይ ምዘናው ያሳየኝ የመግለጫውን ሳይሆን የመሣሪያውን ጉድለት ነው። መነሻና መድረሻ ቀን የምትቀበል አድርጌ፣ አቆጣጠሩንም የግድ የሚሞላ ፓራሜትር አድርጌ ሠራኋት። አሁን አቆጣጠሩን ያልጠቀሰ ጥሪ ቢመጣ እንደ ጳጉሜን እምቢ ትላለች።

የቀረኝ የቋንቋ ጉዳይ ነው። ጥያቄዎቼ ሁሉ የክልሉ የሥራ ቋንቋ በሆነው በአማርኛ የተጻፉ ናቸው። በበርታ ወይም በጉሙዝ ቋንቋ የሚጠይቅ ሰው ወር ሲጠራ፣ ቦታ ሲጠራ ወኪሉ ምን እንደሚልክ ገና አልፈተንሁም። ቋንቋውን የምትናገሩ ተማሪዎች ከንግግሩ በኋላ ብታገኙኝ የጥያቄዎቹን ዝርዝር ይዤ መጥቻለሁ።