ሊጥ በሌለበት እርሾ

ኮልፌ ቀራንዮ ዓለም ባንክ አካባቢ ጥቂት ፍየሎች ይዘው ወተት የሚሸጡ ጎረቤት አሉኝ። ሰሞኑን አንድ ፓኬት ይዘው መጡና፣ «ጋሼ፣ ሕግ ተምረው የለ? እስቲ ይህን ያንብቡልኝ» አሉኝ። «ወተት የሚጨምር እርሾ ነው» ተብለው የገዙት ነው። ጠንከር ያለ ገንዘብ ከፍለውበታል።

ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ከብት አርቢ አተላ ሲያበላ ኖሯል፤ አተላ ውስጥም እርሾ አለ። ልዩነቱ ያለው በሕይወት መኖሩ ላይ ነው። አረቄ የወጣለት አተላ በእሳት ስለፈላ እርሾው ሞቷል። የሞተ እርሾም ፕሮቲንና የቢ ቫይታሚኖች ስላሉት ምግብ ነው። «ፕሮባዮቲክ» የሚባለው ግን ሕያው ሆኖ ጨጓራ የሚደርሰው ነው።

የፍየል ትልቁ ጨጓራ አየር እንደሌለው ጋን ነው። ሣርና ጭዱን የሚያፈርሱት ባክቴሪያዎች ኦክስጂን አይስማማቸውም። ከመኖ ጋር ሾልኮ የሚገባውን ኦክስጂን ሕያው እርሾ ይጠቀምበታል። እህል ሲበዛ የሚፈጠረውን ላክቲክ አሲድ የሚመገቡ ባክቴሪያዎችንም ስለሚያግዝ ጨጓራው ከመጠን በላይ እንዳይኮመጥጥ ይረዳል።

ታዲያ ወተት ይጨምራል? በወተት ፍየሎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች አንድ ቃል አይናገሩም። በአንዳንዶቹ ወተቱ በመጠኑ ጨምሯል፤ በሌሎቹ ለውጥ አልታየም። በቂ መኖ ላላገኘች ፍየል እርሾ መስጠት ግን ሊጥ በሌለበት እርሾ መጨመር ነው። በ1980ዎቹ ፋርም አፍሪካ በሐረርጌ የአንግሎ ኑቢያን ዲቃላ ፍየሎችን ሲያስፋፋ፣ የመኖ ተክል ልማትና የእንስሳት ጤና አገልግሎት አብረው የሄዱት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 የወጣው መኖም ቁጥጥር ስለሚያስፈልገው ነው። ገዢም የራሱን ቁጥጥር ማድረግ አለበት። የእርሾው ዓይነት ምንድን ነው? በአንድ ግራም ስንት ሕያው ሕዋስ አለው? መቼ ይበላሻል? ሙቀት ሕያው እርሾን ስለሚገድል የአቀማመጡም ነገር መጠየቅ አለበት። የጎረቤቴ ፓኬት ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም፤ ያለበት የወፈረች ፍየል ሥዕል ብቻ ነው።

«ይመልሱትና በገንዘቡ ፋጉሎና ፉርሽካ ይግዙበት» አልኳቸው። «ደረሰኝስ ይዘዋል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ለፍየል መኖ ደግሞ ማን ደረሰኝ ይሰጣል!» ብለው ሳቁ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። አዋጁ የሚሠራው ገዢው በእጁ ማስረጃ ሲኖረው ነው።